ወንበር አለ፣ ብር የለም

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁ። እናትህ ሲያርፉ እንኳ አልደወልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።

አሁንም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ወደ ኦስሎ ልትሄድ ስትል ቡና የጠጣንበት ቤት። ሰሞኑን አንተን ያስታወሰኝ የእድራችን ነገር ነው።

አምና ለዓመታት ባጠራቀምነው ብር ድንኳንና 200 ወንበር ገዛን። እያከራየን እናተርፋለን ብለን። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ክረምት ላይ በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ደረሰብን። ለመጀመሪያው ከፈልን። ለሁለተኛው ገንዘብ ያዧ ደብተሩን ገልጣ ዝም አለች። መጋዘኑ ውስጥ ወንበሩ እስከ ጣሪያ ተደራርቧል፤ በክረምት ሰርግ የለ፣ ማን ይከራየው! ተበድረን ከፈልን።

ከዚያ ወዲህ ስለ አገር ፈንድ፣ ማለትም መንግሥት ለሕዝቡ ስለሚያስቀምጠው ሀብት፣ ሲወራ ያ መጋዘን ነው ፊቴ ድቅን የሚለው። አንተ ያለህበት ኖርዌይ ዘይቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ተገኘ፣ የፈንዱ ሕግ በ1990 ወጣ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ የገባው ግን በ1996 ነው። በጀታቸው ትርፍ እስኪኖረው ጠበቁ። ገንዘቡን ውጭ አገር ነው የሚያውሉት፤ አገር ውስጥ ፈሶ ኑሮውን እንዳያስወድደው። በረጅሙ ሲታይ በዓመት ከፈንዱ 3 በመቶ ገደማ ነው ወደ በጀት የሚገባው። እንደ ኮሮና ያለ ክፉ ዓመት ሲመጣ ከዚያ በላይ ይመዛሉ።

የኛው የአገር ፈንድ፣ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ፣ በኛ አቆጣጠር በ2014 ሲቋቋም የተሰጠው ብር ሳይሆን ድርጅት ነው፦ አየር መንገድ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ንግድ ባንክ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ሂሳቡ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ዕዳውም ይታያል፣ ትርፉም ይጠየቃል። ቴሌ አክሲዮን ሲሸጥ እኔም ገዝቻለሁ፤ ትንሹ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር። ግን ታኅሣሥ 2016ን አስብ። አየር መንገዱ እዚያው ፈንድ ውስጥ እያለ አገራችን በቦንድ ከውጭ ለተበደረችው ብድር የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማስተናገድ ነው ብሏል። የዶላር እጥረቱን ግን ሁላችንም ኖረንበታል።

የበለጠ የምፈራው እነዚህን ድርጅቶች አስይዞ መበደር እንዳይመጣ ነው። የማሌዥያው የመንግሥት ፈንድ ዋን ኤምዲቢ የቆመው በትርፍ ሳይሆን በብድር ነው። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመዘበረ፣ ዕዳው ለአገሩ ሰው ቀረ። መጠባበቂያ የተባለው ራሱ አደጋ ሆነ።

እድራችን አሁን ወስኗል። የሦስት ለቅሶ ብር ባንክ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ለወንበር የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። ለመስማማት አራት እሁድ ፈጀብን፣ ድምፅም ከፍ ከፍ ብሎ ነበር።

እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ምርጫ ሲደርስ «ከፈንዱ ጨምረን እንሳብ» የሚል ሰው ሲነሳ ሕዝቡ ምን ይለዋል? ልጆቹን ሳምልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ወንድምህ