«እርጅና ነው» ላልሽው ትንፋሽ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስናወራ አንዱን ወሬ ለመጨረስ መሃል ላይ እያቆምሽ ትንፋሽ ትሰበስቢ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ስልሽ «እርጅና ነው ባክሽ» ብለሽ አለፍሽው። ከዚያ ጥያቄውን አከታተልሽብኝ። ሳሉ ለምን አልለቅ አለኝ? ራጁ ንጹህ ነው ከተባለ ሌላ ምርመራ ምን ያደርጋል? አስም በዚህ ዕድሜ ይጀምራል እንዴ? በስልክ የመለስኩልሽ ለእኔም አልበቃኝም። ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ እርጅናውን እናንሳ። ዕድሜ ሲገፋ የሳንባ አቅም መቀነሱ እውነት ነው። ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይወርዳል። ግን ሳንባ ሲፈጠር ትርፍ አቅም ይዞ ነው። በዕድሜ የሚመጣው ቅናሽ ብቻውን አንድ ፎቅ የወጣን ሰው አያስለከልክም። አምና ሳታስቢው የምታደርጊው ነገር ዘንድሮ ካስቆመሽ፣ የሆነ ምክንያት አለው ማለት ነው። ሳንባ ሊሆን ይችላል። ልብ ወይም ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። አንዳቸውም «ዕድሜ ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ የሳንባ መለኪያ መሣሪያ ላይ ሰው ሳስነፋ ነው የምውለው። በጣም የሚያሳዝነኝ ሰዎች ምን ያህል ዘግይተው እንደሚመጡ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ያሳጥራል። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ይተዋል። ከዚያ ሩቅ መሄድ ይተዋል። ከዚያ ዕቃ ማንሳት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሐኪሙ «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብሎ ሲጠይቀው «ኧረ የለም» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ የሚያስለከልከውን ነገር ሁሉ ትቶታል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ አሁን ስለምትችይው ብቻ አታውሪ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ምን እንደተውሽ ንገሪው። ያ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሳሉ። ጉንፋን ትቶት የሚሄደው ሳል አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። 8 ሳምንት ካለፈው ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሳል ይሉታል። ቲቢ በሚበዛበት አገር ግን ያን ያህል አይጠበቅም፤ 2 ሳምንት የሞላው ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። ቲቢ ሲባል እንዳትደነግጪ፣ እንዳታፍሪም። ሮበርት ኮክ ጀርሙን ያገኘው በ1882 ነው፤ ዛሬ የቲቢን ጀርም ከአክታ ላይ 2 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚለይ መሣሪያ አለ። በመድኃኒትም ይድናል። የሚያስቸግረው ናሙናው ነው። ብዙ ሰው ምራቅ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ምራቅ ደግሞ ምንም አይናገርም። ጠዋት እንደተነሳሽ አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪ። ሁለት ሦስቴ በጥልቀት ተንፍሺ። ከዚያ ከደረትሽ አስልተሽ ወፈር ያለውን አውጪ። ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ሰው ሳይጠጋሽ ብታደርጊው ጥሩ ነው።

ራጁም አክታውም ንጹህ ሆነው ሳሉ ከቀጠለስ? ይህ በጣም ያጋጥማል። አስም ሊሆን ይችላል። ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ የሚመለስ የጨጓራ አሲድም ያስላል፤ አንዳንዴ ቃር እንኳ ሳይኖር። አንድ ነገር ደግሞ ሰው ይረሳዋል፦ የደም ግፊት መድኃኒት። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰው ላይ ጉሮሮን የሚኮረኩር ደረቅ ሳል ያመጣሉ። መድኃኒቱን ከጀመሩ ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ማንም አይጠረጥረውም። የምትወስጂውን መድኃኒት ስሙን አንብቢልኝ። ከዚያ ወገን ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ በሌላ ሊቀይርልሽ ይችላል። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው፣ አደራ። ግፊቱ ከሳሉ የባሰ ነገር ያመጣል።

«ራጁ ንጹህ ነው» ማለት «ሳንባሽ ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ይህንን በተለይ እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። ራጅ ትልቅ ነገር ነው። ሮንትገን ጨረሩን በ1895 ካገኘው ወዲህ የስንቱን ሕይወት አትርፏል። የሳንባ ምች፣ በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃ፣ የቲቢ ጠባሳ፣ መጠኑ ከፍ ያለ ዕጢ፣ የሰፋ ልብ ያሳያል። ግን ፎቶ ነው። ትንፋሽሽን ያዢ ተብለሽ ነው የምትነሺው። አየሩ ሲወጣ ይጨነቅ አይጨነቅ ከዚያ ላይ አይታይም። አስም ያለበት ሰው ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም የለበትም። የአየር ቧንቧ መጥበብ ገና ሲጀምርም እንደዚያው ነው።

መጥበቡን የሚያሳየው መንፋቱ ነው፤ ስፓይሮሜትሪ የምንለው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1846 ስለ መሣሪያው የጻፈው ነው። ክፍሌ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ነበር የማደርግሽ። ቀጥ ብለሽ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፤ እግርሽ መሬት ይረግጣል። ቀበቶና መቀነት ይላላል። አፍንጫሽን በትንሽ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። የካርቶን ቱቦ አፍሽ ውስጥ ትከቻለሽ፤ ከንፈርሽ ዙሪያውን ግጥም ይላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው በደንብ ከያዘለት አያወልቀው፤ ያለ ጥርስ ከንፈር ያሾልካል። ከዚያ እስኪሞላ ድረስ አየር ትስቢያለሽ፤ ወዲያው በአንዴ በኃይል ትለቂዋለሽ።

ከዚህ በኋላ ነው እኔ የምጮኸው። «ይንፉ! ይንፉ! ይንፉ! አያቋርጡ! ገና አለ!» ሰው አየሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ አላለቀም። ቢያንስ 6 ሰከንድ ያህል ባዶ እስኪሆን ድረስ መግፋት አለበት። ቢያንስ 3 ጥሩ ንፊት እንፈልጋለን፤ እርስ በርስ መመሳሰልም አለባቸው። ዓይን ያስነባል፣ ያስላል፣ ትንሽ ራስ ያዞራል። አያምም ግን። መሃል ላይ እረፍት እንሰጣለን። ተቆጣችኝ እንዳትይ፤ እንደዚያ ካልጮህን ልኩ አይገኝም። በቅርቡ የልብ ድካም ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና የነበረበት፣ ወይም ደም የሚተፋ ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር። መንፋቱ ግፊት ስለሚፈጥር ሊዘገይ ይችላል።

ከዚያ የምናየው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው በጠቅላላ ያወጣሽው አየር ነው። ሌላው ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያዋ 1 ሰከንድ የወጣው። በጠባብ በር የሚወጣ ሕዝብን አስቢ፤ ሁሉም ይወጣል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ቧንቧው ሲጠብ እንደዚያ ነው። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ መጥበብ አለ ብለን እንጠረጥራለን። በዕድሜ ለገፋ ሰው ይህ ቁጥር በተፈጥሮም ዝቅ ስለሚል ሐኪሙ ከዕድሜሽና ከቁመትሽ ጋር አስተያይቶ ነው የሚፈርደው። ቀጥሎ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ ትስቢያለሽ። 15 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እናስነፋሻለን። ቁጥሩ በደንብ ከተሻሻለ ወደ አስም ያመለክታል። ብዙም ካልተነቃነቀ ደግሞ ሲኦፒዲ የሚሉትን፣ ቀስ በቀስ የሚያጠበውን ሥር የሰደደ በሽታ ያስጠረጥራል። ጠቅላላ አየሩ ራሱ አንሶ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ድርሻ ደህና ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳንባው ተኮማትሮ ወይም ጠባሳ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካንና ተጨማሪ የሳንባ መለኪያ ይታዘዛል።

አስም በዚህ ዕድሜ ይጀምራል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ይጀምራል። የልጅ በሽታ ብቻ አይደለም። ምልክቱ መለዋወጡ ነው። አንድ ቀን ደህና፣ በማግስቱ ሲር ሲር። ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል። በብርድ፣ በአቧራ፣ በጭስ ይነሳል። ደህና ባልሽበት ቀን ብትነፊ ቁጥሩ ጥሩ ሊመጣ ስለሚችል፣ አንድ ጥሩ ውጤት አስምን አያስቀርም። ለዚህ ነው አንዳንዴ ሐኪም ትንሽ መለኪያ ሰጥቶ 2 ሳምንት ጠዋትና ማታ እየነፋሽ እንድትጽፊ የሚያደርገው።

«ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅ፣ ሳንባዬን ምን ያገኘዋል?» ማለትሽ አይቀርም። እማዬ፣ ጭስ ጭስ ነው። ለዓመታት በእንጨትና በከሰል ጭስ ውስጥ የቆየ ሰው ሲጋራ ባያጨስም ሲኦፒዲ ሊይዘው ይችላል። የሥራ አቧራም እንደዚያው። ቀድሞ የታመሙት ቲቢም ድኖ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ለሐኪሙ ሲጋራ አላጨስም ብቻ ብለሽ እንዳታቆሚ። የጭሱን ዘመን ጨምሪበት። ካልነገርሽው ላይጠይቅሽ ይችላል።

ልብንም አልረሳሁም። ጋደም ስትይ ትንፋሹ የሚያጥርሽ ከሆነ፣ ትራስ ደራርበሽ የምትተኚ ከሆነ፣ ሌሊት ታፍነሽ የምትነሺ ከሆነ፣ ማታ ማታ እግርሽ የሚያብጥ ከሆነ ከሳንባ ይልቅ ልብ ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዝልሻል። ተራ የደም ምርመራም የደም ማነስ መኖሩን ይናገራል።

ጎረቤትሽ ስለገዛችው የጣት መለኪያ ጠይቀሽኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ የኦክስጅን መጠን ያሳያል። አብዛኛው ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ነው። ግን ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ቀለም ካለው ይሳሳታል። ቆዳችን ጠቆር ሲል ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። 97 አለኝ ብለሽ ምርመራውን እንዳትተይው። አስምም ሲኦፒዲም ያለበት ሰው ተቀምጦ ሲለካ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ፓፍ፣ ማለትም በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት፣ ይታዘዝልሽ ይሆናል። «ሱስ ይሆናል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሱስ አያስይዝም። የሚያስቸግረው አጠቃቀሙ ነው። ብዙ ሰው ወደ አፉ ረጭቶ ጉሮሮው ላይ ያስቀረዋል። ስፔሰር የምትባለዋን ፕላስቲክ ጠይቂ፤ ፓፉ እሷ ላይ ይሰካል። ከስፔሰሩ በዝግታ ትስቢያለሽ፤ 10 ሰከንድ ያህል ትይዢዋለሽ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በኋላ አፍሽን ተጉመጥመጪና ትፊው፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ያመጣል። ከፋርማሲው ሳትወጪ ፊታቸው ተጠቅመሽ አሳዪያቸው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበትም ነገር አለ። ከአክታ ጋር ደም ካየሽ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ፣ ሌሊት በላብ ከተጠመቅሽ በዚያው ሳምንት ሂጂ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽና ደረትሽን ከወጋሽ፣ በተለይ አንዱ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ነው። ከንፈር ከጠቆረ፣ ቃል ማውጣት ካቃተ፣ ሰው ግራ ከተጋባም እንደዚያው ድንገተኛ ክፍል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ መዘባረቅና መድከም ብቻ ይታያል። ይህንን አብረውሽ ላሉትም አንብቢላቸው።

አሁን የምለምንሽ ነገር፦ ሐኪምሽ ዘንድ ስትሄጂ «የመንፋት ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። የምትወስጂያቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው በአንድ ከረጢት ያዢ። የቀድሞ ራጆችሽንም ጨምሪ፤ አሮጌ ጠባሳን ከአዲስ ነገር ለመለየት ከአሮጌው ፊልም የተሻለ የለም። ፓፍ ከጀመርሽ ከምርመራው በፊት ለስንት ሰዓት እንደሚቆም ቀጠሮ ስትይዢ አስጽፊ። በዕለቱ ከባድ ምግብ አትብዪ፣ የማይጨንቅ ልብስ ልበሺ። ውጤቱ በወረቀት ሲሰጥሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ማታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።

በጣም የምትወድሽ
ልጅሽ