የሳይንስና ምህንድስና ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ መልሱን አስቀድመን የማናውቀው ሥራ ፍለጋ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው ቅር በሚያሰኝ ነገር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ያስመጣነውን የኤሌክትሪክ መለማመጃ ሣጥን ከፈትን። ሽቦው፣ አምፖሉ፣ ትንሿ ሞተር፣ ሁሉም በየቦታው ተደርድሯል፤ አብሮት የመጣው ወረቀት የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ በሥዕል ያሳያል። ተማሪዎቹ ሥዕሉን ተከተሉ፣ ሞተሯ ዞረች፣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ አሁንስ ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ሥራው በ35 ደቂቃ አልቋል፤ ከክበቡ የዓመት በጀት ግን ግማሹን ወስዷል።

ስለዚህ የዘንድሮው ዘገባዬ በአብዛኛው የፍለጋ ታሪክ ነው። ለተማሪዎች የሚሆን ጥሩ የሳይንስና የምህንድስና ሥራ ከየት ይገኛል? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ ስላልሆነ፣ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ያሉ የክበብ ተጠሪዎችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ሥራ የሚባለው ነገርማ ሞልቷል። በአንድ ምሽት ብቻ ከኢንተርኔት ከመቶ የሚበልጡ የሙከራ ዓይነቶች አገኘሁ። ብዙዎቹ ግን ትርኢት ናቸው። በየቦታው የሚደገመውን የኮምጣጤና የሶዳ እሳተ ገሞራ እንውሰድ፦ አረፋው ይገነፍላል፣ ልጆቹ ይደሰታሉ፣ ነገር ግን ተማሪው በራሱ የሚወስነው አንድም ነገር የለም። ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት አረፋ ያያል። እኔ የፈለግሁት ሁለት ቡድኖች ሁለት የተለያየ ነገር ሠርተው የማን እንደተሻለ በሚዛን ወይም በሰዓት የሚከራከሩበትን ሥራ ነው። ሌላው መለኪያዬ ዕቃው ሲሰበር ምትኩ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ገበያ ወይም ጋራዥ መገኘቱ ነበር። በእነዚህ ሁለት ወንፊቶች ሳበጥራቸው ከመቶው የቀሩት ስምንት ነበሩ፤ በዓመቱ ውስጥ በሚገባ የሠራነው ሦስቱን ነው። ሦስት ማነሱን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአምናው አሥራ አንድ ይልቅ የዘንድሮው ሦስት ይበልጥብኛል።

ጊዜን በተመለከተ የረዳን ሐሳብ የመጣው ከሩቅ ነው። የብሪታንያ ሳይንስ ማኅበር «ክረስት» የሚባል የተማሪዎች የፕሮጀክት ሽልማት አለው። ደረጃዎቹን የሚለየው በሚፈጀው የሥራ ጊዜ ጭምር ነው፤ ለነሐስ 10፣ ለብር 30፣ ለወርቅ 70 ሰዓት ያህል ይጠበቃል። እኛ ለሽልማቱ አልተመዘገብንም። ነገር ግን ነሐሱ እንኳ 10 ሰዓት እንደሚጠይቅ ሳይ አንድን ሥራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ መጣደፌን ተውኩ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ስለምንገናኝ አሥር ሰዓት ማለት ሰባት ሳምንት ማለት ነው። የስብሰባውንም ቀን ከዓርብ ወደ ረቡዕ አዛወርነው፤ ዓርብ ከሰዓት ብዙ ተማሪዎች ለጁምዓ ሶላት ስለሚሄዱ የሁልጊዜ ተሳታፊ መሆን አይችሉም ነበር። ይህን ቀድሜ ማስተዋል ነበረብኝ። ቀኑ ከተለወጠ በኋላ በየሳምንቱ የሚመጣው ተማሪ ከ19 ወደ 34 ከፍ ብሏል፤ ከእነዚህ 16ቱ ሴቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራችን መነሻው ኔፓል ነው። በዚያች ተራራማ አገር ገበሬዎች ቲማቲማቸውን ከተራራ ወደ ገበያ ሲያወርዱ መንገድ ላይ ይጨፈለቅባቸዋል። ፕራክቲካል አክሽን የተባለው የብሪታንያ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሸለቆውን በሽቦ ገመድ እየተሻገረ ዕቃ የሚያመላልስ መጓጓዣ በመዘርጋት ረድቷቸዋል። ሞተር የለውም፤ ወደ ታች የሚወርደው ጭነት በክብደቱ ሌላኛውን ቅርጫት ወደ ላይ ይስበዋል። ድርጅቱ ይህንኑ ችግር ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥራ አድርጎ በነፃ አቅርቦታል፦ ቲማቲሞችን ሳይጨፈለቁ ከከፍታ የሚያወርድ ነገር ንደፉ፣ ሥሩ፣ ፈትኑ። ለእኛ ልጆች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ከጅሬን ቁልቁለት በየጠዋቱ በእግር የሚወርዱ ተማሪዎች አሉን፤ ሙዝና አቮካዶ በጀርባና በአህያ ሲወርድ ያያሉ፤ ግማሹ ተላልጦና ጠቁሮ ገበያ ሲደርስ ዋጋው ምን እንደሚሆን ከእናቶቻቸው ሰምተዋል። ስለዚህ ቲማቲሙን በበሰለ አቮካዶ ተካነው።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ አምስት ቡድኖች ገመድ ዘረጉ። ጋራዥ ያለው አንድ ወላጅ ያረጁ ኩሽኔታዎችና ሁለት የብስክሌት ቸርኬ ሰጠን። በመጀመሪያው ቀን አምስቱም ቡድኖች አቮካዶውን ጨፈለቁት። ችግሩ መውረዱ ሳይሆን መቆሙ ነበር፤ ቅርጫቱ እየፈጠነ ሄዶ ከታችኛው ግንድ ጋር ይላተማል። አንዱ ቡድን መጨረሻው ላይ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ አሰረ። ሌላው የገመዱን መጨረሻ ትንሽ ሽቅብ አቅንቶ ቅርጫቱ ራሱ እንዲቀዘቅዝ አደረገ። ሦስተኛው ቡድን በኔፓሉ መንገድ ሄደ፦ ሽቅብ በሚወጣው ቅርጫት ውስጥ ድንጋይ እየጨመረ ፍጥነቱን አመጣጠነ። ስንት ድንጋይ? ጥቂት ከሆነ ይላተማል፣ ከበዛ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። እዚያ ጥያቄ ላይ ሁለት ረቡዕ ሙሉ ቆዩ፣ እኔም አላስቸኮልኳቸውም። መጽሐፉ ውስጥ «ሚዛናዊ ያልሆነ ኃይል» የሚለውን ምዕራፍ ስናነብ ከዚያ በኋላ ማስረዳት የሚፈልገው ተማሪ ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ሁለተኛውን ሥራ ከየትም አላመጣነውም። ኅዳር ወር ነው፤ በየግቢው እሸት ቡና ተሰጥቷል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አባቱ ሌሊት ተነሥቶ ቡናውን በሸራ ሲሸፍን እንዳደረ ነገረን። የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ከዚህ ተወለደ።

መጀመሪያ የጠየቅነው ቡናው መድረቁ በምን እንደሚታወቅ ነው። ገበሬው በጥርሱና በጆሮው ያውቀዋል፤ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ሲያንቀጫቅጨው ይሰማዋል። እኛ ደግሞ በሚዛን ሞከርነው። እሸት ቡና ከክብደቱ 65 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ስለዚህ በ1,000 ግራም እሸት ውስጥ ውኃ ያልሆነው 350 ግራም ነው፤ ይህ አይለወጥም። በሚገባ የደረቀ ቡና 12 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ማለትም 350 ግራሙ ከጠቅላላው 88 በመቶ መሆን አለበት። ስሌቱ ወደ 398 ግራም ይመጣል። አንድ ኪሎ አስቀምጠህ 400 ግራም ሲደርስ ደርቋል ማለት ነው። በመቶኛ ሒሳብ ሁልጊዜ የሚቸገሩ ተማሪዎች ይህን ሰሌዳ ላይ ራሳቸው አወጡት፤ ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠው ደስታ ይህ ነበር።

ከዚያ አንድ አንድ ኪሎ በሦስት ቦታ አሰጣን፦ አንዱን በሲሚንቶ ወለል ላይ በተነጠፈ ሸራ፣ አንዱን በወንፊት ሽቦ በሠራነው አልጋ፣ አንዱን ደግሞ ጥቁር ቀለም በተቀባና በላስቲክ በተሸፈነ የእንጨት ሣጥን ውስጥ። ሁሉም በሣጥኑ ተማምኖ ነበር፣ እኔም ጭምር። በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ ከውስጥ ላብ አወጣ። በስድስተኛው ቀን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቡና ሻጋታ ይዞ ተገኘ፤ ሸራው ላይ ያለው ግን ደኅና ነበር። ሣጥኑን የሠሩት ልጆች ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሞቅ ነበር እኮ፣ ከሁሉም የሚሞቀው የእኛው ነበር» አለች አንዷ። ልክ ናት፤ ይሞቅ ነበር። ነገር ግን ሙቀት ውኃውን ከፍሬው ያወጣዋል እንጂ ወዴትም አይወስደውም፤ የሚወስደው አየር ነው። ይህን ብነግራቸው በሳምንቱ ይረሱት ነበር። በሻጋታ የተበላሸ ቡና በእጁ ይዞ ያየ ተማሪ አይረሳውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሣጥኑን ከታች በኩል በሱት፤ ከላይ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሳዎች የጭስ ማውጫ የሚመስል ረጅም ቱቦ ሠርተው ጥቁር ቀቡት። ቱቦው በፀሐይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች አዲስ አየር ይገባል። በሁለተኛው ዙር፣ ቡና በሚገለበጥበት ሰዓት ሁሉ እየመዘኑ፣ ሣጥኑ ከአልጋው አራት ቀን ቀድሞ 400 ግራም ደረሰ።

ስሌታችን ትክክል መሆኑን ያረጋገጠልን የቡና ነጋዴ የሆነ አንድ ወላጅ ነው። የእርጥበት መለኪያውን ይዞ መጣ፣ ከሣጥናችን ቡና በሙቀጫ ሸክሽኮ ለካ፤ መሣሪያው 12 ከግማሽ አነበበ። ልጆቹ የጮኹትን ጩኸት ቢሮ ያሉ መምህራን ሁሉ ሰምተውታል።

ሦስተኛው ሥራ ስለ ውኃ ኃይል ነበር። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሁሉ የግልገል ጊቤን ሐይቅ ያውቀዋል። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግልገል ጊቤ ሁለት ደግሞ ያንኑ ውኃ ተቀብሎ፣ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ፣ የሚያመነጨው 420 ሜጋ ዋት ነው። ውኃው አንድ ሆኖ ኃይሉ ለምን ከእጥፍ በለጠ? መልሱ ውኃው የሚወድቅበት ከፍታ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ጣቢያ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ተማሪዎቹ ይህን ለመፈተን ከሃይላንድ ጠርሙስ ክንፍ ቆርጠው የውኃ ጎማ ሠሩ፤ ጀሪካኑን መጀመሪያ በአንድ ሜትር፣ ቀጥሎ በሁለት ሜትር ከፍታ አስቀመጡ። ጎማው ከተጠበቀው በላይ ፈጠነ። አንዲት ተማሪ ጀሪካኑ ከፍ ሲል በደቂቃ የሚወርደው ውኃም እንደሚጨምር አስተዋለችና ንጽጽሩ እንደተበላሸ ተናገረች። ቱቦውን በመቆንጠጫ እያጠበቡ፣ አንድ ሊትር ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ በሁለቱም ከፍታ እኩል እስኪሆን ደከሙ። ይህን ያህል ጥንቃቄ ከ10ኛ ክፍል ተማሪ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው።

ለንድፈ ሐሳቡ የተጠቀምነው «ፌት» የሚባለውን የኮምፒውተር ማሳያ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ መሥራቹ ካርል ዋይማን የ2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ናቸው። ነፃ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሁለቱ ኮምፒውተሮቻችን ላይ ጭነነዋል። ለሥራ ባልደረቦቼ መምህራን የምመክረው ግን ከእጅ ሥራው በኋላ እንዲከፍቱት ነው፤ ቀድሞ ከተከፈተ ተማሪው ኮምፒውተሩ ያለውን ብቻ ይጠብቃል።

ስለ ቀሩት ነገሮች በአጭሩ፦ ሚያዝያ ላይ በወላጆች ቀን የቡናውን ሣጥንና የአቮካዶውን ገመድ አሳይተናል። የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችንን አጽድተን ለክበቡ አንድ ጠረጴዛና ሞርሳ አግኝተናል። የመስከረሙን የኤሌክትሪክ ሣጥንም አልጣልነውም፤ ሞተሯ አሁን የውኃው ጎማ ላይ ተገጥማ አንዲት ትንሽ መብራት ታበራለች።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንፈልገው ጥቂት ነው፦ ግራም የሚለይ የራሳችን ሚዛን (ዘንድሮ የሠራነው በተዋስነው የባለሱቅ ሚዛን ነው)፣ ሁለት ቴርሞሜትርና አሥር ሜትር የወንፊት ሽቦ። ቅርባችን መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ቡናን ሲያጠና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ውጤታችንን ይዘን ሄደን ባለሙያዎቹ የሚነቅፉትን መስማት እንፈልጋለን፤ ደብዳቤውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

በመስከረም «አሁንስ ምን እናድርግ?» ያለችኝ ተማሪ ሰኔ ላይ ወደ ቢሮ መጥታ የማበልጸጊያ ማዕከሉን ቁልፍ ጠየቀችኝ። በክረምት፣ ፀሐይ በማይወጣበት ሰሞን፣ የቡና ማድረቂያው ሣጥን ቱቦ አየር መሳቡን ያቆም እንደሆነ በየጠዋቱ አፉ ላይ በሚንጠለጠል ክር መለካት ትፈልጋለች። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬ ቁልፉን ሰጥቻታለሁ።