ስካን ማድረግ እና ለሕዝብ ክፍት ማድረግ አንድ አይደሉም

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሙዚየሞችንና የቤተ መዛግብትን ስብስቦች ወደ ዲጂታል ስለመለወጥ በሚነሳበት ጊዜ ሁሉ፣ ሥራው ቅርሱን ፎቶ በማንሳት ወይም ሰነዱን ስካን በማድረግ የሚያበቃ ተደርጎ ይቀርባል። የቆዩ ፎቶግራፎችን በማደራጀት ዓመታት ያሳለፍሁ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ይህ አስተሳሰብ የሚያስከትለውን ጉዳት በቅርብ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ተቋማቱን መርዳት የሚፈልግ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ለጋሽ ድርጅት ወይም በጎ ፈቃደኛ፣ እርዳታውን ከስካነሩ ቀጥሎ ወደሚመጣው ሥራ እንዲያዞር ለማሳሰብ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ ፎቶግራፎችን ስካን በሚያደርግ ቡድን ውስጥ ሠርቼ ነበር። ሥራችን የሚለካው በቀን ባነሳነው የምስል ብዛት ብቻ ስለነበር፣ የፎቶግራፉን ፊት እንጂ ጀርባውን አናነሳም ነበር። ጀርባው ላይ ግን በእርሳስ የሰፈረ ጽሑፍ አለ፤ ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ የቆሙት ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴም በሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት የገባ እርማት። ይህ ሁሉ ቀርቶ ምስሎቹ በተራ ቁጥር ብቻ ተሰይመው ሃርድ ዲስክ ላይ ተከማቹ፤ በጀቱ ሲያልቅም ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከጊዜ በኋላ አንዲት ሴት የአያቷን ፎቶግራፍ ፍለጋ መጣች። ምስሉ በእጃችን እንዳለ እናውቃለን፤ ከየትኛው ቁጥር ሥር እንዳለ ግን የሚነግረን ነገር ስላልነበረ፣ ወደ ካርቶኖቹ ተመልሰን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጀርባቸውን እያገላበጥን መፈለግ ግድ ሆነብን። ያን ቀን የተሰማኝ ሐፍረት እስካሁን አለቀቀኝም።

መግለጫ የሌለው ምስል፣ ድረ ገጽ ላይ ቢወጣ እንኳ፣ ፈላጊው ሊያገኘው ስለማይችል እንደተደበቀ ይቆጠራል። መግለጫውን ለማሟላት ደግሞ ተቋሙ ብቻውን መልፋት የለበትም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 3,000 የሚጠጉ ፎቶግራፎችን ፍሊከር በተባለው የፎቶ ማጋሪያ መድረክ ላይ ባወጣ ጊዜ፣ ተመልካቾች የሰዎችንና የቦታዎችን ስም፣ የተሳሳቱ ቀኖችንም ጭምር እየጠቆሙ ጻፉ፤ ባለሙያዎቹም ጥቆማውን እያጣሩ ወደ ካታሎጋቸው አስገቡት። ሕዝቡ ይህን ያህል እውቀት በእጁ እንዳለ የታወቀው ምስሎቹ ስለተከፈቱለት ነው።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚከብደው ጉዳይ የመብት ጉዳይ ነው። ሠዓሊው ከሞተ መቶ ዓመታት ያለፉትን ሥዕል በትንሽ መጠን አውጥተው፣ የተቋሙን ስም በምስሉ መሐል አትመው፣ ከሥሩ «መብቱ የተጠበቀ ነው» ብለው የሚጽፉ ተቋማት ብዙ ናቸው። በዚህ የሚጎዳው ቅርሱ ራሱ ነው። አምስተርዳም የሚገኘው ራይክስሙዚየም፣ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፌርሜር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሣላት ወተት የምትቀዳ ሴት ምስል ከ10,000 በላይ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ ተሠራጭተው፣ አብዛኞቹም ጥራት የጎደላቸውና ወደ ቢጫ የሚያደሉ ሆነው አገኛቸው። ጎብኚዎች በዚያ ቀለም ከመልመዳቸው የተነሳ የሙዚየሙ ፖስት ካርድ ትክክለኛውን ሥዕል ያሳያል ብለው ለማመን ተቸገሩ። ሙዚየሙ መፍትሔ ያደረገው ቅጂዎቹን ማሳደድ ሳይሆን፣ ከሁሉም የጠራውን ምስል ራሱ በነፃ መልቀቅን ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375,000 ምስሎችን፣ የአሜሪካ ሙዚየሞች ስብስብ የሆነው ስሚዝሶኒያን ደግሞ በ2020 ወደ 2.8 ሚሊዮን ምስሎችን ማንም ለማንኛውም ዓላማ እንዲጠቀምባቸው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ባዘጋጀው፣ ሲሲ ዜሮ በሚባለው መብትን የመተው ሰነድ ለቅቀዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የቅጂ መብት ጊዜው ያለፈበት የሥነ ጥበብ ሥራ እንዳለ ሲገለበጥ፣ ግልባጩ ራሱን የቻለ አዲስ ፈጠራ እስካልሆነ ድረስ አዲስ መብት እንደማያስገኝ ደንግጓል።

የምስል ሽያጭ ገቢ ይቀርብናል የሚለው ስጋት ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ተመራማሪው ሳይመን ታነር እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞችን ባጠኑበት ሪፖርት፣ ለአገልግሎቱ ከሚወጣው ወጪ አንጻር ይህ ነው የሚባል ትርፍ ያገኘ ሙዚየም አለማግኘታቸውን ገልጸዋል። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ደረሰኝ የሚቆርጠውና ደብዳቤ የሚመላለሰው ሠራተኛ ደመወዝ ገቢውን ይበላዋል።

ክፍት ስብስብ ምን እንደሚያስገኝ ከኮዴክስ ሲናይቲከስ የበለጠ የሚያስረዳኝ የለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው ይህ የመጽሐፍ ቅዱስ ብራና ቅጠሎቹ በሲና ቅድስት ካትሪን ገዳም፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በሩሲያ ቤተ መጻሕፍት ተበታትነው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 አራቱ ባለይዞታዎች ምስሎቻቸውን በአንድ ድረ ገጽ አሰባስበው፣ አንባቢው ብራናውን እንደ አንድ መጽሐፍ እያገላበጠ እንዲያነበው አድርገዋል። አንዳቸውም ቅጠል አሳልፈው አልሰጡም።

ሁሉም ነገር ይከፈት እያልሁ እንዳልሆነ ግን መናገር ይገባኛል። የግል ሕይወትን የሚነኩ መዛግብት፣ የሰው አጽም፣ ባለቤቱ የሆነው ማኅበረሰብ ለውጭ ዓይን የማይገልጣቸው ንዋየ ቅድሳት የባለመብቶቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ ሊወጡ አይገባም። ይህንንም ለይቶ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል፤ ፍርሃት የነገሠባቸው ተቋማት ሁሉንም አንድ ላይ የሚቆልፉት ለይቶ የሚወስን ባለሙያ ስለሌላቸው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ለስካነር መግዣ ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ በዚያው ውል ውስጥ መግለጫ ለሚጽፈው ካታሎገርና የእያንዳንዱን ሥራ መብት ለሚያጣራው የሕግ ባለሙያ ደመወዝ ይያዝ፤ ውጤቱም በተነሳው ምስል ብዛት ሳይሆን ሕዝብ ፈልጎ ሊያገኘውና ሊጠቀምበት በቻለው ይለካ። ተቋማቱ ደግሞ የመብት ሁኔታን ለማመልከት ራይትስ ስቴትመንትስ በሚል ስም የተዘጋጁትን 12 መግለጫዎች ከዛሬ ጀምረው መጠቀም ይችላሉ፤ ክፍያ የላቸውም። የፎቶግራፉም ጀርባ ይነሳ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ መዛግብት ባለሙያ