ዘገምተኛው ከፊት፦ የብስክሌት ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮው የክበባት ገጽ ላይ የእኛ ዘገባ ከድራማና ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ቀጥሎ እንዲገባ ተደርጓል። ቅር አላለንም። መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጨበጨብለት ነገር የለንም። ያለን ግራሶ የነካው ዩኒፎርም፣ በእሾህ የተበሳሳ ካላማደሪያ እና እሁድ እሁድ እንቅልፉን ያጣ አስተባባሪ ነው።

መስከረም ላይ ለመመዝገብ የተሰለፉት ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነበር። "ቲቸር፣ ውድድሩ መቼ ነው?" ሐዋሳ ለጥ ያለች ከተማ ናት፤ ሳይክል እዚህ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ልጅ ሰፈር ውስጥ በኪራይ ሳይክል፣ "አንድ ዙር ብቻ!" እየተባለበት ነው ያደገው። ስለዚህ ክበብ ሲባል የታያቸው ፍጥነትና ዋንጫ ነው። እኔ ደግሞ ዋንጫ የምገዛበት በጀት የለኝም።

ጊዜው ግን ሰጠን። የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ የተካሄደው ልክ በዚያው ወር ነበር። ዋናው የወንዶች ውድድር መስከረም 18 ዋለ፤ የመስቀል ማግስት፣ እሁድ። ልጆቹ የበዓሉ ምግብ ገና ሳይወርድላቸው በየስልካቸው ሲከታተሉ ዋሉ። 267 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ ያውም ዳገት በዳገት። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ከዋናው ቡድን አፈትልኮ ወጣና አሸነፈ።

ክበቡ ሲሰበሰብ ግን ወሬው ስለ ፖጋቻር አልነበረም። ከ160 በላይ ሰው ተነስቶ መጨረሻው መስመር ላይ የደረሰው 30 ብቻ ነው። "ቲቸር፣ ሌሎቹ የት ሄዱ?" አለ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ። አቋረጡ አልኩት። "እንዴ! የዓለም ምርጦች አይደሉም እንዴ?" ናቸው። የዚያን ቀን ፕሮግራም እዚህ ጥያቄ ላይ አለቀ። ከፊት ያለው ነፋሱን እንደሚሰብር፣ ከኋላው የተጠጋው በዚያ ጥላ ውስጥ ጉልበቱን እንደሚቆጥብ፣ ብቻውን የቀረ ሰው ግን ነፋሱንም ዳገቱንም ለብቻው እንደሚጋፈጥ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ቀስቶቹ ትንሽ ሳይበዙ አልቀሩም።

በዚያው ስለ ራሳችንም አነሳን። ሯጭ አገር ነን እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የተገኘችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተጉዘው ነበር። ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ልጆቹ አላመኑኝም፤ ስልካቸውን አውጥተው አጣሩ። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን የሚያውቁ ነበሩ። የጎረቤታችን የኤርትራው ቢንያም ግርማይ ፎቶም ክበቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያው ቱር ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮች አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ የወሰደው እሱ ነው።

ጥቅምት ላይ የእሁድ ጉዞ ጀመርን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገናኝተን፣ ባጃጁ ሳይበዛ በከተማው መግቢያ ወዳለችው ጥቁር ውሃ ደርሶ መልስ። የመጀመሪያው እሁድ ሰልፋችን ገና ከተማው ሳያልቅ ተበጣጠሰ። ማርሽ ያለው ሳይክል የያዙት ትልልቆቹ ብን ብለው ጠፉ። ፊኒክስ የሚባለውን ከባድ፣ ማርሽ አልባ ሳይክል የያዙት መሀል ቀሩ። ትንንሾቹ ከእኔ ጋር ከኋላ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የቀደሙት ልጆች ሸንኮራቸውን በልተው ጨርሰው፣ ብርድ ብርድ ብሏቸው፣ አኩርፈው ጠበቁን። እኛም አኮረፍን። መመለሻው ላይ ማንም ከማንም አላወራም።

የክበቡ ዋና ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ከፊት የሚሄደው ዘገምተኛው ነው። በእግሩም በሳይክሉም ቀርፋፋ የሆነው ሰው ይመራል፤ ጎበዞቹ ከኋላ ይጠብቃሉ። ለዘገምተኞቹ ብቻ የሚጠቅም ሕግ እንዳይመስላችሁ። ጉልበተኛ ልጅ ከኋላ ሲሆን የሚወድቀውን ያያል፣ ጎማ የተነፈሰበትን ያነሳል፣ ሳይታሰብ የሚታጠፍ ባጃጅ ሲመጣ ይጮኻል። ተቃውሞው ግን ቀላል አልነበረም። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ በእግር መሄድ ነው!" ያሉኝ ነበሩ። ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች ክበቡን ለቀው እግር ኳስ ገቡ። አንዱ ኅዳር ላይ ተመለሰ።

ከተመዘገቡት ውስጥ ጭራሽ መንዳት የማይችሉም ነበሩ፤ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰፈር ውስጥ ኪራዩን ከፍሎ የሚነዳው ወንዱ ነው፤ እህቱ ታያለች። ማስተማሩን በለመድነው መንገድ፣ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጡ በመግፋት አላደረግነውም። ገፊው ይደክማል፣ ተገፊዋም እየዞረች እሱን ታያለች። ፔዳሎቹን ፈታን። ኮርቻውን ሁለቱም እግር መሬት እስኪረግጥ አወረድን። ከዚያ ሜዳው ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ ቁልቁለት በእግር እየገፉ መንሸራተት ብቻ። ሚዛኑ ሲገባቸው እግራቸውን ራሳቸው ያነሳሉ። ፔዳሉ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ፔዳል ለመፍታት የምትሞክሩ ካላችሁ፣ የግራው የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ጥርሱ እንደዚያ የተቆረጠው ስትነዱ እየላላ እንዳይወጣ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ የበለጠ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ ቁልፉን ይሳደባል።

ታኅሣሥ የጎማ ወር ሆነ። መንገድ ዳር ያለው የግራር እሾህ ደርቆ የሚረግፍበት ጊዜ ስለሆነ ሳይወጋ የሚመለስ ጎማ አልነበረም። በየጊዜው ጎሚስታ ጋ መሄድ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሳፋ ውሃ፣ አሮጌ ማንኪያዎች፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማስቲሽ ይዘን ሥራውን ራሳችን ገባንበት። ጎማው በማንኪያ እጀታ ከቸርኬው ይላቀቃል። ካላማደሪያው ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። አረፋ የሚወጣበት ቦታ በእስክርቢቶ ይከበባል። ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ ገና እርጥብ እያለ ይለጥፉታል፤ በማግስቱ ይነሳል። ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን መተው አለበት።

አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ አንዱን ጎማ ለጥፋ ጨርሳ፣ ሌሎቹ ሊገጥሙት ሲሉ አስቆመቻቸው። የጎማውን ውስጠኛ ክፍል በጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰች። ዞራ ዞራ አንድ ቦታ ላይ ቆመችና በጥፍሯ ቆንጥራ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የእሾህ ስባሪ አወጣች። ስባሪዋ ባትወጣ ጎማው ሰፈር ሳይደርስ ይተነፍስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እሷ ፊርማ ጎማ አይገጠምም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ደብተር አለን፣ ፊርማውም አለ።

የዓመቱ ትልቁ ጉዞ በግማሽ ዓመቱ እረፍት ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍሎች ጋር ወደ ሻሸመኔ የሄድነው ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 50። ወላጆች ፈርመው ነው የላኳቸው፣ ከኋላችንም አንድ ወላጅ ፒክአፕ መብራት እያበራ ተከተለን። ሻሸመኔ ከሐዋሳ ከፍ ያለች ናት። በመኪና ሲሄዱ ዳገቱ አይታወቅም፤ በሳይክል ጉልበት ይናገራል። አይሱዙዎቹ ሲያልፉ የሚተዉት ነፋስ ደግሞ መሪውን ያንቀጠቅጣል። ከፊት የነበረው የአባቱን ማርሽ የሌለው ፊኒክስ የያዘ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። አንዱ ዳገት ላይ አልቻለም፣ ወረደና እየገፋ መሄድ ጀመረ። ከኋላ ያሉት ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ወረደ። ቀጥሎ ሌላው። እስከ ዳገቱ ጫፍ ሁላችንም ሳይክላችንን እየገፋን ወጣን። መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች "ሁሉም ጎማ ተነፈሰባቸው እንዴ?" እያሉ ሳቁብን።

ሻሸመኔ ላይ ፍርፍር በሻይ በላን። ስንመለስ ቁልቁለት ነው፤ ያ ልጅ አሁንም ከፊት። ፊኒክስ ከባድ ስለሆነ ቁልቁለት ይወዳል። እንደውም ርቀት ጠብቁ፣ ሁለቱንም ፍሬን አብራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ወደ ጥቁር ውሃ ስንቃረብ ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል ማንም ሳያዘው አንዱ መዘመር ጀመረ። እኔ በዚህ ዓመት ከነዳሁበት ሁሉ ያችን ቁልቁለት የሚያህል የለም። በቀጥታ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሄደን የአሳ ሾርባ ጠጣን። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅሙ ወፍ፣ የአንዱን ልጅ ዳቦ ከጠረጴዛ ላይ ወሰደበት። ልጁ አልተከላከለም፤ ቁመታቸው እኩል ነበር።

መጋቢትና ሚያዝያ በዝናብ አለፉ። ብዙ የሚወራ የለም። ሰንሰለት ዘይት ቀባን።

ግንቦት 26 የተባበሩት መንግሥታት ያወጀው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ቀን ነው። ልጆቹ ሲለምኑኝ የቆዩትን ውድድር የዚያን ቀን ሰጠኋቸው፣ ግን የዝግታ ውድድር። ሜዳው ላይ በኖራ ጠባብ መስመሮች ሠራን። እግሩን መሬት ያስነካ ይወጣል፣ ከመስመሩ የወጣ ይወጣል፣ መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል። ቀላል ይመስላል። ሳይክል ግን በፍጥነት ላይ እያለ ራሱን ለማቆም ያግዛል፤ ሲዘገይ ሁሉም ነገር የነጂው ዕዳ ነው። በክበቡ ፈጣኑ ልጅ፣ ባለ ማርሹ፣ ገና ከመነሻው እግሩን አሳረፈ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ያሸነፈው ከትምህርት በኋላ ለእናቱ ምግብ ቤት ጀሪካን ውሃ በሳይክል የሚያመላልስ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። ውሃ ጭኖ በገበያ ሰው መሀል መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቃል። ዓይኑን ከፊት ጎማው ላይ አንስቶ ራቅ አድርጎ ያያል፣ ፍሬኑን ነካ፣ ፔዳሉን ነካ። ሌሎቹ ሁሉ ወድቀው ካለቁ በኋላም ገና መሀል ሜዳ ላይ ነበር። እንዴት እንደሠራው ሲጠየቅ "ጀሪካኑ ክዳን የለውም" አለ። ሽልማቱ አዲስ ካላማደሪያ ነው።

ለከርሞ የምንጠይቃችሁ አለ። በረንዳ ላይ ዝገት የበላው ሳይክል ያላችሁ ወላጆች፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አስቡን። ሄልሜት አንሶናል፤ ያሉንን በተራ ነው የምናደርገው። ተማሪዎች ለመመዝገብ ስትመጡ ከቤት የማትፈለግ ማንኪያ ይዛችሁ ኑ፤ ግን እናታችሁን አስፈቅዱ። በመጨረሻም የፔዳል መፍቻው 15 ቁጥር ቁልፍ ከግንቦት ጀምሮ ጠፍቷል። ያገኘ ፊዚክስ ክፍል ያስገባልን። ማን ወሰደው ብለን አንጠይቅም።