ስምንተኛው ሺህና ትምህርትሽ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም በጸሎት ታስብሻለች። የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ዓለም ያልፍበታል የሚባለው ስምንተኛው ሺህ ገብቷል፣ ምልክቱም ሁሉ ተፈጽሟል ሲሉ ስለ ሰማሽ፣ አራተኛ ዓመት ላይ ያደረስሽውን የአዋላጅ ነርስነት ትምህርት ለማቋረጥ ማሰብሽን ጽፈሽልኛል። ፍርሃትሽን አላቃልለውም። ጌታ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ዳግመኛ በክብር እንደሚመጣ በየዕለቱ በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ አምነዋለሁ። የማልቀበለው ቀኑን ቆጥረው የሚነግሩሽን ሰዎች ነው።

ቁጥሩን ራሱን እንመልከተው። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጠራል፤ ይህም ለአዳም በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ተብሎ ከተሰጠው ተስፋ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ አንዱ ቀን እንደ አንድ ሺህ ዓመት ይታሰባል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅድስና የምታከብረው የሮሙ አቡሊዲስም በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዳንኤልን መጽሐፍ ሲተረጉም፣ የቃል ኪዳኑ ታቦት ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ሲደመር አምስት ክንድ ተኩል መሆኑን ለዚሁ ቁጥር ማስረጃ አድርጎታል። አሁን ያለንበት 2018 ዓ.ም. እንግዲህ በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ሲቆጠር፣ 7518 ነው፤ በየዓመቱ የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ ለአራት የሚካፈለውም ይኸው ቁጥር ነው። ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነውና፣ ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል።

ያን ጊዜ የነበሩት አባቶች በእርግጥ ፈርተው ነበር። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ አጥብቀው ይለምኑ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል፤ ያረፉትም በዚያው በ1500 ዓ.ም. ነው። እኔ ግን ስለ እኒህ ንጉሥ ሳስብ ከጸሎታቸው ይልቅ ሥራቸው ያስደንቀኛል፤ ምክንያቱም የዘመኑን መለወጥ እየፈሩ የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀምረው፣ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል እንዲፈጽመው አስረክበው አልፈዋል። ያ ሕንፃ በ1524 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥሏል፤ ይህንንም አልደብቅሽም። በዚያ ጦርነት ቤቱና ደብሩ ሲነድ ያየ ሰው የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ቢል ማን ይፈርድበታል? ሩስያውያንም እንደ እኛው ዘመንን ከዓለም ፍጥረት ጀምረው ይቆጥሩ ስለ ነበር፣ የፋሲካ ማውጫቸውን እስከ 7000 ብቻ አዘጋጅተው ነበር፤ ዓመቱ በእነርሱ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1492 ሲያልፍ የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ ማውጫ ማስላት ግድ ሆነባቸው።

ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ስም የመረጡት ሕዝቡ በተስፋ ይጠብቀው ስለ ነበር ነው። የተጠበቀው የሰላም ዘመን ግን በእርሳቸው ዘመን አልመጣም።

ከሁሉ በላይ እንድታስቢበት የምፈልገው አቡሊዲስ በዚያው የዳንኤል ትርጓሜው የጻፈውን ነው። በሶርያ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ ጌታን ልንቀበል ነው ብሎ ወንዱንም ሴቱንም ሕፃናቱንም ይዞ ወደ በረሃ ወጣ፤ ሕዝቡ በተራራና በምድረ በዳ ሲንከራተት ቆይቶ፣ የአገሩ ገዢ ወንበዴ መስለውት ሊያስፈጃቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለችው በጳንጦስ ደግሞ ሌላ መሪ ሕልም ማየት ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍርድ ይሆናል ብሎ ስለ ሰበከ፣ ሰሚዎቹ እርሻቸውን ጾም አሳደሩ፣ ከብታቸውንም ሸጡ፤ ዓመቱ ሲያልፍ ለልመና ተዳረጉ። አቡሊዲስ ምእመናኑን ለመጠበቅ ነው ይህን የጻፈው፤ እኔም የምነግርሽ በዚሁ አሳብ ነው። መሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ጌታ ከአብ በቀር ማንም አያውቃትም ያላትን ቀን ማወቅ ስለ ፈለጉ ግን የሚያምኗቸውን ሰዎች እንጀራ አሳጧቸው። ቅዱስ ጳውሎስም የጌታ ቀን ደርሷል ብለው ለታወኩት ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል።

የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ሥርዓት አስቢ። በደብረ ዘይት እሑድ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» ተብሎ ይሰበካል፤ ማቴዎስ 24ም ይነበባል። በቀጣዩ እሑድ የሚመጣው ገብር ኄር ነው፤ ጌታው ሲመለስ የተሰጠውን መክሊት ነግዶበት የተገኘው ታማኝ አገልጋይ የሚታሰብበት። ምጽአቱን በነገረችሽ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቅሽ ስለ መክሊትሽ ነው። አባቶች ይህን ያለ ምክንያት አላስቀመጡትም ብዬ አምናለሁ።

ያው የደብረ ዘይት ወንጌል ደግሞ በዚያች ወራት ለርጉዞችና ለሚያጠቡ ወዮላቸው ይላል። ይህን ቃል አንቺ ከማንኛችንም በላይ ልትሰሚው ይገባል። ከብቱ ሁሉ አልቆ ሕዝቡ በረሃብ በረገፈበት በክፉ ቀን፣ በኋላም በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሬሳ ቀባሪ ባጣበት ጊዜ፣ እናቶች ምጥ ላይ ነበሩ። የምትፈሪው ዘመን በአንቺ ዕድሜ ቢመጣ እንኳ፣ በዚያ ሰዓት እጇን ልትዘረጋላቸው የምትችል አንዲት ሴት ትኖር ዘንድ አራት ዓመት ተምረሻል።

የመልቀቂያውን ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ጉዳዩን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ይህንንም ደብዳቤ አንብቢላቸው። ከእርሳቸው ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ ደውይልኝ፤ የፈለግሽ እንደሆነ ካለሽበት ድረስ መጥቼ አብረን እንመክርበታለን።

የሚወድሽ አባትሽ