ያሸነፈው ማን ነበር?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ ማታ ደውለው የጠየቁኝ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። «ልጄ፣ ስለ ሩጫው በሬዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትለፈልፍ ሰማሁህ። ለመሆኑ ያሸነፈው ማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርዎ? አገሩን እንጂ ስሙን አልያዝኩትም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ስል የከረምኩትን ሰምተዋል። «ወርቁ ኪሳችን ገብቷል» ብያለሁ። «አረንጓዴው ጎርፍ ይመጣል» ብያለሁ። አንድ ለጋ ልጅ ላይ የአገር ሸክም ጭኜ፣ እኔ ማይክሮፎኑ ፊት ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ልጁ አምስተኛ ወጣ። ያኔ የሰበብ ከረጢቴን ፈታሁ። ወበቁ፣ ነፋሱ፣ አሯሯጩ፣ የቡድን ሥራ መጥፋቱ። ጫማውንም ሳላነሳ የቀረሁ አይመስለኝም። ሌሎቹ በሌላ አየር የሮጡ ይመስል!

ለምን እንዲህ እንደማደርግ ሳስበው አፈርኩ። ለአትሌቱ ጥብቅና የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጥብቅና የቆምኩት ለራሴ ትንበያ ነው። «በቃ፣ ተበለጠ» ካልኩ የሳምንቱ ወሬዬ ሁሉ ባዶ ሊሆን ነው። ስለዚህ ነፋሱን እከሳለሁ። ነፋስ መልስ አይሰጥም።

የአቴንሱን ያስታውሳሉ? በ2004 ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልቁጠርልዎ። ቀነኒሳ በ10,000 ሜትር ወርቁን ወስዶ፣ በ5,000 ሜትር ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ጌሩዥ ቀደመው። በ0.20 ሰከንድ! እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ «ዙሩን ቀደም ብለው ቢያከሩት ኖሮ!» እያልኩ ስጮኽ እርስዎ ምንም አላሉም። እያጨበጨቡ ነበር። ለማን እንደሚያጨበጭቡ አልገባኝም።

የገባኝ ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ነው። ያ ሰውዬ በ1996 አትላንታ ላይ፣ በ1,500 ሜትር ፍጻሜ 400 ሜትር ገደማ ሲቀረው ተደናቅፎ ወድቋል። በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ኬንያዊው ኖህ ንጌኒ መጨረሻው ላይ ቀደመው። አቴንስ ላይ ግን መጀመሪያ 1,500ውን፣ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ 5,000ውን ወሰደ። ሁለቱን በአንድ ኦሎምፒክ ያሸነፈ ሰው ከፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ በኋላ፣ ማለትም ከ1924 ወዲህ አልነበረም። ስምንት ዓመት ኦሎምፒክ ላይ ሲሸነፍ የኖረ ሰው ነው ያሸነፈን። እኔ ግን ያኔ የማወራው ስለ ዙሩ ፍጥነት ነበር።

በእርግጥ ሁሉም ሰበብ አይደለም። እርስዎ ደጋግመው የሚያነሱት የሜክሲኮው ማራቶን አለ። በ1968 አበበ ቢቂላ እግሩን እያመመው ገብቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። አቴንስ ላይም ኃይሌ 10,000 ሜትሩን ተረከዙ አካባቢ ተጎድቶ ነው የሮጠው፤ አምስተኛ ወጣ። እነዚህ ሕመሞች ከሩጫው በፊት ነበሩ። የእኔ የእሑዱ ዝርዝር ግን ሩጫው ካለቀ በኋላ የተወለደ ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። የቆላ ልጆች ተቸገሩ። አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ 10,000 ሜትሩን ስድስተኛ ሆኖ እንደጨረሰ ራሱን ስቶ ወደቀ። እኛ ይህን ስናወራ «አየሩ ከበዳቸው» ብለን ፈገግ እንላለን። ወበቅ ያለበት ከተማ ሄደን ስንሸነፍስ? ያኔ ከባድ ሳይንስ ይሆናል! ፈረንጆቹም አይሻሉንም። በ2014 የሶቺ የክረምት ኦሎምፒክ የአሜሪካ የበረዶ ላይ ፍጥነት ተወዳዳሪዎች ሲሸነፉ ጥፋቱ አዲሱ የመወዳደሪያ ልብሳቸው ላይ ተላከከ። ወደ አሮጌው ልብስ ተመለሱ። ውጤቱ ያው ሆነ፤ አንድም ሜዳሊያ ሳይዙ ተመለሱ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን በአንድ ስም ስንታወር የራሳችንንም ሰው አለማየታችን ነው። አበበ ባቋረጠበት ማራቶን ማሞ ወልዴ በ2:20:26 ወርቁን አመጣ። በ2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይም ዓይናችን ሁሉ ቀነኒሳ ላይ ነበር። እሱ 10,000 ሜትሩን ሲያቋርጥ «አበቃልን» ያልን ብዙ ነን። ኢብራሂም ጄይላን የመጨረሻው ቀጥታ ላይ እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን አልፎ አሸነፈ። እስከዚያ ድረስ ስንቶቻችን ስሙን ጠርተን ነበር? እኔ አልጠራሁም።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛ ለወጣው ልጅም ደወልኩለት። ሰበቦቼን ደረደርኩለት። «አይ፣ ጎበዝ ነው፤ በለጠኝ» አለኝ። ይህን ማይክሮፎን ላይ አላስተላለፍኩትም። ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር።

የአሸናፊውን ስም አሁን ይዤዋለሁ። ትንሽ አፍ ያስራል። ሦስት ቀን ተለማምጄዋለሁ። በሚቀጥለው እሑድም ከእኛ ልጆች ጋር ይሮጣል። ሬዲዮዎን ጆሮዎ አጠገብ ያድርጉት። ስሙን ካበላሸሁ ወይም ስለ ነፋስ ማውራት ከጀመርኩ፣ እስከ ማታ አይጠብቁ፤ ወዲያው ይደውሉልኝ።

ልጅዎ