ለጆሮህ ቀጠሮ አትስጠው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትናንት እህትህ በነገረችኝ ነገር ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ። ቀኝ ጆሮህ ጭው ማለት ከጀመረ ሳምንት እንዳለፈው፣ ስትጠይቅህም «ሰው እያማኝ ነው» ብለህ በሳቅ እንዳለፍኸው አጫወተችኝ። በሳቁ አልተቆጣሁም። ያስደነገጠኝ እርሷ ሳታስበው ጣል ያደረገችው ሌላ ነገር ነው፤ ስልክ ስታነሣ ወደ ግራ ጆሮህ ማዞር ጀምረሃል። ይህ ከሆነ ቀኙ መጮህ ብቻ ሳይሆን መስማትም ቀንሷል፤ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት አትቆይ እልሃለሁ።

በነርስነት ዘመኔ ጆሮዬ ጮኸብኝ የሚል ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሚያሰጋ አልነበረም። ኩክ ሲደፍነው፣ ጉንፋን ሲጠናበት፣ ሠርግ ቤት ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲያመሽ ቀን ሁለት ቀን ጭው ብሎ የሚተወው አለ። በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማና የቆየ ፉጨትም ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ወይም ከሥራ ጫጫታ ጋር የሚመጣ ስለሆነ ቀጠሮ ይዞ መመርመር ይበቃዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ሲጮህና መስማትም በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሲወርድ ግን የውስጠኛው ጆሮ ወይም የነርቩ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል እንደ ድንገተኛ ሕመም ይቆጠራል። የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር የተሻለ ተስፋ አለው፤ 2 ሳምንት ካለፈ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። የአንተን ቀን አንተው ቁጠር።

አጎትህን ጋሼን ታስታውሰዋለህ፤ ሲያነጋግሩት አፍ አፍ የሚያየውን፣ ሰው ሲስቅ አብሮ የሚስቀውን። ሲወለድ እንዲያ አልነበረም። በጎረምሳነቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን መርፌ በየቀኑ ሲወጋ ነው ጆሮው መጮህ የጀመረው። መርፌው ብዙ ሰው ከሞት ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የውስጥ ጆሮን ሊመርዝ ይችላል፣ ጩኸቱም ማስጠንቀቂያው ነበር። ጋሼ መርፌውን ያቋርጡብኛል ብሎ ለማንም ሳይናገር ቆየ። ሚዛናችንን የሚጠብቀውም አካል እዚያው ጆሮ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀን በዓይኑ እየታገዘ ደህና የሚራመደው ልጅ ሲመሽ ግድግዳ ካልያዘ ይንገዳገድ ጀመር፤ ሰፈሩም ጠጅ ለመደ ብሎ አማው። አያትህም አመኑ። አንድ ማታ በሩን ዘግተውበት «ማነው?» እያሉ ከውስጥ ይጠይቁታል፣ እርሱ ያንኳኳል እንጂ አይመልስም፤ ለካ አይሰማም። እኔ ነቅቼ እየሰማሁ አልተነሣሁም። ልጅ ነበርኩ፣ አባቴንም እፈራ ነበር፤ ያ ማንኳኳት ግን ዛሬም አይለቀኝም። ለዚህ ነው አንተ ላይ የምጨክነው። አትቆይ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግሥት ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። ጤና ጣቢያ ጆሮህን በመሣሪያ አይተው ኩክ ካላገኙ፣ ጠብታ ብቻ ይዘህ እንዳትመለስ፤ ወደ አንገት በላይ ሐኪም እንዲልኩህና የመስማት ምርመራ እንዲደረግልህ ጠይቅ። ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም ክፍሉ አላቸው። መቼ እንደጀመረህ፣ ያዞርህ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰድህ ጽፈህ ያዝ፤ ለወገብህ የምትውጠውን አስፕሪን አትደብቅ፣ ሲበዛ እርሱም ጆሮ ያስጮሃል። ማታ ተኝተህ ጣትህን በእጅ አንጓህ ላይ አድርገህ አዳምጥ፤ ድምፁ ከልብህ ትርታ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ደም ማነስ፣ እንቅርት ወይም የደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ንገራቸው። ፊትህ ቢጣመም ወይም መቆም እስኪያቅትህ ቢያዞርህ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግባ።

የአክስትህን የጤና አዳም ዘይት እንዳታስጨምር። የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ክብሪት እንጨትም አትክተት።

ደግሞ ያ ግራይንደር! ብረት ሲቆርጥ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ ባዶ ጆሮ የሚፈቀድለት በቀን 15 ደቂቃ ያህል ነው፣ አንተ ግን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህበት ትውላለህ። ድምፅ የሚቀበሉት የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጣቢያው ሲርቅበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሽሽ የሚለውን ድምፅ እንደሚያጎላ ሬዲዮ፣ አእምሮም የጎደለበትን ሲፈልግ ጭውታውን ያጎላዋል። ጥጥ አይከልልም፤ ትክክለኛውን የጆሮ መከለያ ግዛ፣ ገንዘቡን በእህትህ እጅ ልኬልሃለሁ።

የኔ ጌታ፣ አስፈራርቼህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ምናልባት ኩክ ሆኖ ታጥበህ ትመለስ ይሆናል፤ ያኔ አብረን እንስቃለን። ጩኸቱ ባይጠፋ እንኳ የሚያጠፋ ክኒን አለኝ ከሚል ሰው አትግዛ፤ መስማቱ ለቀነሰበት የመስሚያ መሣሪያ፣ እንቅልፍ ለነሣው ደግሞ ዝግ ያለ ሬዲዮና የምክር ሕክምና ይረዳሉ። ጭንቀቱ መኖርን እስኪያስጠላህ ከደረሰ ግን ያኑ ሰዓት ለሐኪምም ለእኔም ተናገር።

የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። አሠሪህ ፈቃድ አልሰጥም ካለ ቁጥሩን ስጠኝ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

እናትህ